ሐይቅ ተሻግሮ የሚመጣ ሞገድ ሲታፈን

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ በጣና ላይ 10 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በ5.8 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ባለ ሁለት አንቴና (ቋሚና አግዳሚ) የሳህን መስመር ዘርግተናል። አንዳንድ ቀን ፍጥነቱ ድንገት ይወርዳል። ሞገዱን የሚያፍንብን ሰው ይኖር ይሆን? ብዙ አንቴና ያለው መሣሪያ ብንገዛስ ይከላከልልናል?
— አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሰው ከመጠርጠርዎ በፊት ሐይቁን ይመርምሩ። የረጋ ውሃ ሞገድን እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፤ ቀጥታ የመጣውና ከውሃው የነጠረው ሲገናኙ እርስ በርስ ሊጣፉ ይችላሉ። መለያው ቀላል ነው፦ የሚቀበሉትን ሲግናልና የኖይዝ (ከሲግናሉ ጋር የሚሰማው የማይፈለግ ጩኸት) መጠኑን በየደቂቃው ይመዝግቡ። ሲግናሉ ወርዶ ኖይዙ ባለበት ከቆየ፣ ነገሩ ነጸብራቅ ወይም የሳህን መዛነፍ ነው። ሲግናሉ ሳይነቃነቅ ኖይዙ ከ-95 ወደ -75 ዲቢኤም (የሞገድ ኃይል መለኪያ፤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይበረታል) ከወጣ ግን ሌላ አስተላላፊ ገብቷል። ሁለቱንም ጫፍ ይለኩ፤ የሚታፈነው ተቀባዩ ስለሆነ ባሕር ዳር ላይ ያለው ችግር ዘጌ ላይ ላይታይ ይችላል።

ነጸብራቅ ከሆነ፣ ሁለቱም ሳህኖች ከውሃው 20 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ካሉ፣ አንዱን ከ6 እስከ 7 ሜትር ማንሳት ወይም ማውረድ ይኖርብዎታል። ግማሽ ሜትር ማነቃነቅ ልፋት ብቻ ነው።

ወደ አፈናው እንመለስ። የእርስዎ ሁለት አንቴናዎች ሁለት የዳታ ጅረት ስለሚሸከሙ ትርፍ አንቴና የለዎትም። አፋኙ ወዳለበት አቅጣጫ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት የሚቻለው በትርፍ አንቴና ነው፤ ለእያንዳንዱ አፋኝ ቢያንስ አንድ ያስፈልጋል። 64 አንቴና ላለው የሞባይል ጣቢያ ይህ ከባድ አይደለም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የራስ አስተላላፊ ለአፍታ ዝም ሲል፣ የሚሰማው የአፋኙ ብቻ ይሆናል፤ በየአንቴናው የተሰማው ተነጻጽሮ አቅጣጫው ይለያል፣ ከዚያ በኋላ ከሚመጣው ይቀነሳል። ዝምታው ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ከመጣ ግን ብልህ አፋኝም አብሮ ዝም ይላል፤ ስለዚህ ጊዜው መቀያየር አለበት። አፋኙ ከዘጌው ሳህን ጋር በአንድ አቅጣጫ ከተሰለፈም እሱን ሲደፍኑ የራስዎንም ሲግናል ይደፍናሉ።

መሣሪያ ሲገዙ አጥብቀው የሚጠይቁት ይህን ነው፦ አፋኙ የሚቀነሰው ሞገዱን ወደ ቁጥር ከሚለውጠው ዲጂታል መቀየሪያ በፊት ነው ወይስ በኋላ? አፋኙ ከእርስዎ ሲግናል በ30 ዲሲቤል (በኃይል ሺህ እጥፍ) ከበለጠ፣ መቀየሪያው ልኩን ለእሱ ያደርጋል። የመቀየሪያው አንድ ቢት (የቁጥሩ አንድ አሃዝ) 6 ዲሲቤል ያህል ስለሆነ አፋኙ 5 ቢት ይበላል፤ መቀየሪያው ባለ 8 ቢት ከሆነ ለእርስዎ የሚተርፈው 3 ነው። የጠፋውን ደግሞ ሶፍትዌር አይመልሰውም። ከ24 ጊጋኸርዝ በላይ ባሉ ብዙ አንቴና ያላቸው መሣሪያዎች ችግሩ ይብሳል፤ ኃይል ለመቆጠብ ዝቅተኛ ቢት ያለው መቀየሪያ ሊገጠምላቸው ይችላልና። ስለዚህ አፋኙ ገና በአናሎግ ሳለ (ወደ ቁጥር ሳይለወጥ)፣ የየአንቴናው ሞገድ እርስ በርስ እንዲጣፋ ተደርጎ ሲደመር መዳከም አለበት።

ለእርስዎ መስመር ግን ርካሹ መፍትሔ ይቅደም፦ ራቅ ያለ ቻናል ይምረጡ፣ የቻናሉን ስፋት ከ40 ወደ 20 ሜጋኸርዝ ያጥብቡ (ኖይዙ በ3 ዲሲቤል ይቀንሳል)፣ ሳህኑ ዙሪያ ከጎን የሚገባውን የሚከልል የብረት ጋሻ ያስገጥሙ። ይህ ሁሉ ካልበጀና ኖይዙ በተደጋጋሚ ከወጣ፣ የሰዓቱን መዝገብ ይዘው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ያመልክቱ።