አይብ አይቀልጥም፤ አይቅለጥ

ጥያቄ፦ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ለገጣፎ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ለልጄ ልደት አይብ፣ ቲማቲምና በሶብላ ያለበት ዳቦ ጋገርኩ። ኦቭን ስለሌለኝ የጋገርኩት በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ሊጡ ድንቅ ሆኖ ተነፍቶ ነበር፤ አክንባሎውን ከከደንኩበት በኋላ ግን መሃሉ ተኛ። ቲማቲሙ ውኃውን ለቆ ከሥሩ ያለው ሊጥ እንደ ገንፎ ቀረ። አይቡ በፎቶ እንዳየሁት ፎርማጆ ይሳባል ብዬ ስጠብቅ ደርቆ አሸዋ አሸዋ አለ። በሶብላው ጠቁሮ መረረ። ልጆቹ ጠርዝ ጠርዙን በልተው መሃሉን ተዉት። የቱ ጋ ተሳሳትኩ?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጆቹ ጠርዙን ከበሉት ጨዉም ቡኮውም ደህና ነበር ማለት ነው። ከአይቡ ልጀምር፤ በዚህ ዳቦ ብዙ ሰው የሚያዝነው በአይቡ ነውና።

በፎቶ ያዩት የሚሳበው ፎርማጆ ሞዛሬላ ነው። ሞዛሬላ የሚሠራው ወተቱ ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ወይም እሱን በሚተካ ማርጊያ ከረጋ በኋላ፣ የረጋው በሙቅ ውኃ ውስጥ እየተሳበና እየታጠፈ ነው። በእሳት ላይ ክር የሚያወጣው ሲሠራም እንደዚያ ስለተሳበ ነው። የእኛ አይብ የመጣበት መንገድ ሌላ ነው። እርጎው ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፣ የቀረው አሬራ በለስላሳ እሳት ይሞቅና በራሱ ኮምጣጣነት ይቋጠራል፤ አጓቱም ይለያል። አብዛኛው ስቡ ከቅቤው ጋር ሄዷል። ኮምጣጣነቱ ደግሞ ወተቱን አያይዞ የሚያለጥጠውን ካልሲየም አሟምቶ ከአጓቱ ጋር ወስዶታል። እንዲህ ያለው አይብ የቱንም ያህል ቢነድበት አይቀልጥም፤ ውስጡ የቀረችውን እርጥበት እየጨመቀ ይጠጥራል እንጂ። እርስዎ ያገኙት አሸዋ ይህ ነው።

እኔ ግን አይቅለጥ ባይ ነኝ። አይብ ከክትፎ ጎን ሲቀርብ፣ ከጎመን ጋር ሲለወስ እንዲቀልጥ የሚጠብቅ ሰው የለም። ለስላሳነቱንና ቀላል ኮምጣጣነቱን ይዞ ዳቦው ላይ እንዲቆይ ብንረዳው ከቲማቲም ጋር የሚስማማ ከእሱ የተሻለ ነገር አላውቅም። የሚፈልገውም ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ውኃው ይንጠፍጠፍ፣ የተወሰደበት ስብ ይመለስለት።

የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ አይብ የምገዛው በኮባ ጠቅልለው ከሚሸጡ ሴቶች ነው። እቤት ስደርስ ኮባውን ፈትቼ አይቡን በንጹሕ ሻሽ ላይ እገለብጠዋለሁ፤ አራቱን ጫፍ አስሬ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ካለው ምስማር አንጠለጥለዋለሁ፤ ከሥሩም ጎድጓዳ ሳህን አኖራለሁ። መጀመሪያ አጓቱ ቶሎ ቶሎ ጠብ ጠብ ይላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠብታዋ ሻሹ ጫፍ ላይ ክብ ሆና ትቆይና፣ ስትወድቅ ድምፅዋ ከሌላው ክፍል ይሰማኛል። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ሻሹን በጣቴ ጫን ሳደርገው እንደ ሕፃን ጉንጭ ጎድጎድ ብሎ ይመለሳል። ያኔ አወርደዋለሁ። 300 ግራም ለሚሆን የተንጠፈጠፈ አይብ አንድ እንቁላል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ ትንሽ ጨውና የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ ጨምሬ በሹካ አዋሕደዋለሁ። እንቁላሉ ያያይዘዋል፤ ቅቤው እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል።

ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን አጓት እንዳይደፉት። ሊጡን በእሱ ያቡኩት። በውስጡ ያለው የወተት ስኳር የዳቦውን ቆዳ ደስ የሚል ቡናማ ያደርገዋል፤ ጣዕሙም ከውኃ ጋር አይወዳደርም።

ወደ ሊጡ ስመጣ፣ «ድንቅ ሆኖ ተነፍቶ ነበር» ያሉት ነገር ነው ያሳሰበኝ። የምንጋግረው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ ከእንጦጦ ማዶ እኛ ያለንበት ደግሞ 2,500ን ያልፋል። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። እርሾው የሚያወጣውን ጋዝ የሚጫነው ስለሳሳ ሊጡ ይቸኩላል፤ ሳይጠነክር ይለጠጣል፤ እሳት ሲያገኘው መሃሉ ይተኛል። በውጭ አገር መመሪያዎች ላይ ብዙ ጊዜ ለግማሽ ኪሎ ዱቄት 7 ግራም ደረቅ እርሾ ይጻፋል። እኔ 5 ግራም አደርጋለሁ፤ ከዚያ በላይ አልሄድም። ለ500 ግራም የፉርኖ ዱቄት 10 ግራም ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 320 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ አጓት በቂ ነው፤ አጓቱ ካነሰ ውኃ ይሙሉበት። ዱቄቱ ደረቅ ከሆነ በማንኪያ እየጨመሩ እስከ 350 ድረስ ይሂዱ። አሥር ደቂቃ በደንብ ያሹት።

መድረሱን በሰዓት ሳይሆን በጣት ይወቁ። ጣትዎን ዱቄት አስነክተው ሊጡን ጫን ያድርጉት። ጉድጓዱ ቀስ እያለ እስከ ግማሽ ከተመለሰ ደርሷል። ምንም ሳይመለስ ከቀረ አልፎበታል፤ ያኔ በቡጢ አስተንፍሰው ደግመው ያስነፉት፤ ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም ጣዕሙ ይጨምራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ እኔ 2 ግራም እርሾ ብቻ አድርጌ ማታ አቡክቼ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት ሽታው ራሱ ይጠራል።

ቲማቲም ከመቶው 94 እጅ ያህል ውኃ ነው። ከመቂና ከዝዋይ በኩል ከሚመጡት ሞላላዎቹንና ጠንከር ያሉትን ይምረጡ፤ ዘራቸው ጥቂት፣ ሥጋቸው ብዙ ነው። በቀጭኑ ቆርጠው፣ ዘሩን አውጥተው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሰው ለግማሽ ሰዓት በማጥለያ ላይ ይተዉት። ከሥሩ የሚጠራቀመውን ውኃ ሲያዩ ባለፈው ቅዳሜ ያ ሁሉ ሊጡ ውስጥ እንደገባ ይገባዎታል።

አሁን ምጣዱ። ምጣድ ከታች እንጂ ከላይ እሳት የለውም። እናቶቻችን ድፎ ሲደፉ ከላይም ከታችም እሳት የሚያደርጉት በከንቱ አይደለም። እርጥብ ነገር ጥሬ ሊጥ ላይ ደርድሮ ምጣድ ላይ መክደን ማለት ሊጡን መቀቀል ነው። ስለዚህ እንደ አምባሻ ይገልብጡት። ሊጡን በአንድ ጣት ውፍረት ዘርግተው በመካከለኛ ሙቀት ምጣዱ ላይ ያኑሩት፤ ይክደኑት። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሥሩ ነጠብጣብ እያወጣ ሲጠበስ ይገልብጡ። የተጠበሰው ፊት ወደ ላይ ሆነ ማለት ነው፤ እሱ ላይ አይቡን ይቀቡ፣ ቲማቲሙን ይደርድሩ፣ ለ10 ደቂቃ ይክደኑ። በመካከሉ አንድ ጊዜ አክንባሎውን አንሥተው ውስጡ ላይ ያዘለውን ላበት በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ያ ላበት ተመልሶ ዳቦው ላይ እንዲንጠባጠብ አይፍቀዱ።

በሶብላውን እሳት ላይ አያውጡት። ቅጠሉ ስስ ነው፤ ሽታውን የሚሰጠው ዘይቱም በሙቀት ይተንናል፤ የሚተርፈው ጥቁረትና ምሬት ነው። ደረቁን በጣቶችዎ መካከል አሽተው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል አይቡ ውስጥ ያዋሕዱ። እርጥቡን ደግሞ ዳቦው ከምጣድ ሲወርድ፣ እንፋሎቱ ገና ሳይበርድ፣ በእጅዎ ቀደድ ቀደድ አድርገው ይበትኑበት። መመሪያው የሚለው የጣልያኑ ባዚሊኮ ከሆነ ቅጠሉ ሰፊ፣ ሽታው ጣፋጭ ነው፤ እፍኝ ሙሉ ይችላል። የእኛ በሶብላ ዘመዱ ቢሆንም ኃይለኛ ነው፤ ስድስት ሰባት ቅጠል ይበቃል።

የልደቱን ዳቦ ሳይውል ሳያድር ደግመው ይጋግሩላቸው። ልጆች መሃሉን ሲበሉ ማየት ይገባዎታል።

ጥያቄ፦ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ብቻዬን የምኖር ወጣት ነኝ። ትንሽ ኦቭን አለችኝ። ለዚሁ ዓይነት ዳቦ ብዬ ከሱፐርማርኬት ፕሮቮሎን ገዛሁ፤ ብዙ ብር ነው ያወጣሁበት። ከመጀመሪያው ላዩ ላይ አድርጌ ግማሽ ሰዓት ጋገርኩት። ዘይቱ ተንሳፍፎ ፎርማጆው እንደ ጎማ ሆነብኝ። ዳቦውም ጨው በዛበት።

መልስ፦ ልጄ፣ የመረጥከው ጥሩ ፎርማጆ ነው። ፕሮቮሎን የሞዛሬላ ወገን ነው፤ እሱም በሙቅ ውኃ ተስቦ የሚሠራ ስለሆነ ይቀልጣል፣ ይሳባል። የጎዳው ግማሽ ሰዓቱ ነው። ፎርማጆ ከቀለጠ በኋላ እሳቱ ካልተወው ወተቱ ተኮማትሮ ስቡን ያስወጣዋል፤ ዘይቱ ከላይ፣ ጎማው ከታች የሚሆነው ያኔ ነው።

ኦቭኗን 220 ዲግሪ አድርገህ ባዶዋን 20 ደቂቃ አግላት። ትንንሽ ኦቭን በሯ ሲከፈት ሙቀቷ ቶሎ ይወርዳልና ሁሉን ነገር አዘጋጅተህ ክፈት። ሊጡን ዘርግተህ፣ በጣቶችህ ወጋ ወጋ አድርገህ፣ ዘይት ቀብተህ፣ የተንጠፈጠፈውን ቲማቲም ብቻ ይዞ ይግባ። ከ15 ደቂቃ በኋላ አውጣና ፎርማጆውን በሰፊው ፍቀህ በትንበት፤ መልሰህ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ጋግረው። አረፋ ሲያወጣና እዚህም እዚያም ቡናማ ነጥብ ሲታይበት ይበቃዋል። ሥሩን በጣትህ መታ መታ ስታደርገው ባዶ ነገር የተመታ ያህል ከጮኸ በስሏል። ጨው የበዛው ፕሮቮሎን ራሱ ጨዋማ ስለሆነ ነው፤ የሊጡን ጨው ከ10 ግራም ወደ 7 ቀንስ።

ስለ ብሩም አስቤልሃለሁ። ፕሮቮሎኑን ከተንጠፈጠፈ አይብ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅለው። አንዱ ክር ያወጣል፣ ሌላው ኮምጣጣ ልስላሴውን ይሰጣል፤ የገዛኸውም እጥፍ ጊዜ ያበረክትልሃል። እኔ ራሴ ንጹሕ ፕሮቮሎን ካለበት ይልቅ ይህኛውን እመርጣለሁ። በመስኮትህ ላይ በቆርቆሮ በሶብላ ትከል። ፀሐይ ይወዳል፤ ውርጭ ግን በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል፤ በኅዳር ሲመሽ ወደ ውስጥ አግባው። የቆረጥከውን ቅጠል ማቀዝቀዣ ውስጥ አታኑረው፤ እዚያም ይጠቁራል። እንደ አበባ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ አቁመው።

ጥያቄ፦ ይህን ዳቦ ረቡዕና ዓርብ መብላት ብንፈልግስ? ከቡራዩ።

መልስ፦ አይቡ፣ እንቁላሉ፣ ቅቤው፣ አጓቱም ይቀራል፤ ሊጡ በውኃ ይቦካል። በአይቡ ፋንታ ስልስ ይሥሩ። ሁለት ራስ ሽንኩርት በዘይት እስኪለሰልስ አቁላልተው፣ ስድስት የተከተፈ ቲማቲምና ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ጨምረው፣ በርበሬ ከወደዱ ግማሽ ማንኪያ አድርገው፣ ማንኪያው ድስቱ ሥር ሲያልፍ መንገዱ ክፍት ሆኖ እስኪቀር ድረስ ያንተክትኩት። ቸኩለው ቀጭኑን እንዳይቀቡት፤ ሊጡን ገንፎ ያደርገዋል። በአይቡ ስብ ቦታ የተቆላ ሰሊጥ ድቅቅ አድርገው ወቅጠው ከስልሱ ጋር ያዋሕዱ። የሚገለበጠው እንደ ለገጣፎዋ እህታችን ዳቦ ነው፤ በሶብላውም እንደዚያው መጨረሻ ላይ ይበተናል። ትኩሱን ይብሉት፤ ለማግስቱ ከተረፈም ምጣድ ላይ ሥሩን ብቻ ያሙቁት።