ሁለት ቁልፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር

ከኮምቦልቻ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ለመጋዘን ሠራተኞች ያለ ማውስ፣ በኪቦርድ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም አዘጋጀሁ። መመሪያው ላይ ‹የታብ ቁልፍን ሲጫኑ ቀጣዩ ቁልፍ ይደምቃል› ብዬ ብጽፍ ግራ ተጋቡ። ‹ይጎላል› ልበል ወይስ ‹ትኩረት ያገኛል›?»

ግራ ያጋባቸው ግሱ ሳይሆን ስሙ ነው። አንዱ ቁልፍ በጣት የሚነካ፣ ሌላው ስክሪን ላይ የሚታይ ነው። ለሁለተኛው አዝራር የሚል ቃል አለን። ምንጩ ዐረብኛ ነው፤ ነጠላው ዚር፣ ብዙው አዝራር። እኛ ብዙውን ወስደን ነጠላ አደረግነው፤ «አዝራሮች» ስንል በብዙ ላይ ብዙ እንደርባለን። ወሎ ውስጥ ኪታብ የቀራ ሁሉ ይህን ወዲያው ያየዋል። ዐረቦቹ ዛሬ የስክሪኑንም በተን ዚር ይሉታል። እኔ ባደግኩበት ደሴ፣ ሸዋ በር፣ ልብስ ሰፊዎቹ የኮቱን አዝራር ሲሉ ነበር የምሰማው። «ቁልፍ ለሁሉም ይበቃል» የሚሉ አሉ። የበሩን፣ የሸሚዙን፣ የኪቦርዱን ለተሸከመ ቃል አራተኛ ሸክም መጨመር ግን ግፍ ነው።

ወደ ግሱ ልምጣ። የግዕዙ ሰምዐ በአማርኛ ሰማ፣ በልዐ በላ እንደሆነ ሁሉ ጎላም የመጨረሻ ሆሄውን ጥሏል፤ ጉልህ የሚለው ቅጽል ላይ ግን ህ ተርፎ ይገኛል። ትርጉሙ ከሌሎች ተለይቶ መታየት ስለሆነ በማስረጃ ከሄድን አሸናፊው እሱ ነው። ሆኖም አጉሊ መነጽርን የሚያውቅ ሰው «ይጎላል» ሲሉት አዝራሩ እስኪተልቅ ይጠብቃል። ደመቀ ለገበያም፣ ለሰርግም፣ ለቀለምም ይሆናል፤ ጆሮዬ የሚወደው እሱን ነው፣ እሱን እመርጣለሁ።

«ትኩረት ያገኛል» የሚለውን አልቀበልም። በአማርኛ የሚያተኩረው ዓይን ነው፤ እዚህ ግን የተላለፈው የኪቦርዱ ትእዛዝ ነው። ልዩነቱን እርስዎ በሥራዎ ያውቁታል። በኮድ የአዝራሩን ቀለም ብቻ ቢቀይሩ አዝራሩ ይደምቃል፤ ኢንተር ሲመታ ግን የሚታዘዘው ሌላው አዝራር ነው። በጃቫስክሪፕት የፕሮግራም ቋንቋ ፎከስ (ትኩረት) የተባለውን ትእዛዝ ሲጠሩ ኪቦርዱ ወደ አዝራሩ ይዞራል፤ ድምቀቱ ያንን ተከትሎ መምጣት አለበት። ስለዚህ ሁለት ነገር ነው፣ ሁለት ቃልም ይፈልጋል። ተረኛ ፋርማሲ እንደምንለው ተረኛ አዝራር ብንል ምን ይጎድለዋል?

ደሴ ያሉ ወጣት ፕሮግራመሮች «ፎከስ አድርገው» እንጂ «ተራ ስጠው» እንደማይሉ አውቃለሁ። የስክሪኑን አዝራር «ቁልፍ» ማለትም በየስልኩ ሥር ሰዷል፤ ባልወደውም ስሕተት ነው ልል አልችልም። ለመጋዘኑ መመሪያ ግን እንዲህ ቢጽፉ እመክራለሁ፦ «የታብ ቁልፍን ሲጫኑ ተራው ወደ ቀጣዩ አዝራር ያልፋል። ተረኛው አዝራር ይደምቃል፤ ኢንተር ሲጫኑ የሚታዘዝዎት እሱ ነው።»