ወተቱ ለምን አልረጋም? ስለ ኢንዛይምና መድኃኒት ስለለመዱ ባክቴሪያዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ባክቴሪያና ኢንዛይም የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ፤ ከሞጣ፣ ከዳንግላ፣ ከቡሬ፣ ከደብረ ማርቆስ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ባሕር ዳር ማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ሐኪም አይደለሁም። «ለእኔ የቱ መድኃኒት ይሻለኛል?» ብላችሁ የጻፋችሁ ሐኪማችሁ ዘንድ ሂዱ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሞጣ፦ አሞክሲሲሊን ድሮ ቶሎ ያሽለኝ ነበር። አሁን ሰውነቴ ለምዶታል መሰለኝ፣ ምንም አይለኝም።

ሰውነትዎ አልለመደም፤ ከለመደ የለመደው ባክቴሪያው ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሰውነትዎ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ የእርስዎ ብቻ ነበር። ባክቴሪያው ከሆነ ግን ወደ ልጅዎ፣ ወደ ጎረቤትዎ ይሄዳል። አንድም እንክብል ውጦ የማያውቅ ሕፃን መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ሊይዘው የሚችለው ለዚህ ነው።

እንዴት ይለምዳል? ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ፣ አሞክሲሲሊንም ጭምር፣ ውስጣቸው አራት ማዕዘን ያለው ትንሽ ቀለበት አለ። ቤታ-ላክታም ይባላል። ባክቴሪያው ግድግዳውን እንዳይሠራ የሚያግደው ይህ ቀለበት ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ደግሞ ቤታ-ላክታሜዝ የሚባል ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ሥራን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ያመርታሉ። ኢንዛይሙ ቀለበቱን በውሃ ሰብሮ ይከፍተዋል። ቀለበቱ ከተከፈተ መድኃኒቱ አለቀለት። ኢንዛይሙ ግን አያልቅም፤ አንዱን ሰብሮ ወደ ሌላው ይሄዳል።

ይህ የእኛ ዘመን ጉድ እንዳይመስላችሁ። ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያገኘው በ1928 ነው። በ1940፣ መድኃኒቱ ገና ገበያ ሳይወጣ፣ ተመራማሪዎቹ አብርሃምና ቼይን ፔኒሲሊንን የሚያጠፋ ኢንዛይም ባክቴሪያ ውስጥ እንዳለ ጽፈዋል። አፈር ውስጥ ሻጋታና ባክቴሪያ ሲታገሉ ኖረዋል፤ መሣሪያውም መከላከያውም ከእኛ በፊት ነበረ። እኛ ያደረግነው በየሰበቡ መድኃኒት እየዋጥን ኢንዛይም የሌላቸውን ገድለን፣ ላላቸው ሜዳውን መልቀቅ ነው።

ከእንጅባራ፦ ጉንፋን ሲይዘኝ አሞክሲሲሊን ብወስድ ችግር አለው?

አለው። ጉንፋን ቫይረስ ነው፤ ግድግዳም የለው፣ የሚፈርስበትም የለ። እንክብሉ የሚያገኘው ሆድዎ ውስጥ በሰላም የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ነው።

ከዳንግላ፦ ኦግመንቲን ከአሞክሲሲሊን በምን ይለያል? ዋጋው ለምን ተወደደ?

ስለ ዋጋው መድኃኒት ቤቱን ይጠይቁ። ኦግመንቲን ግን አሞክሲሲሊን ሲደመር ክላቩላኒክ አሲድ ነው። ክላቩላኒክ አሲድ ራሱ ባክቴሪያን በመግደል ደካማ ነው። ሥራው ሌላ ነው፦ ቤታ-ላክታሜዙ መድኃኒት መስሎት ይይዘዋል፣ ከያዘው በኋላ መላቀቅ ያቅተዋል። በዚህ መሃል አሞክሲሲሊኑ ሥራውን ይሠራል። የተገኘውም ከአፈር ባክቴሪያ ነው፤ ስትሬፕቶማይሰስ ክላቩሊጀረስ ይባላል። ኦግመንቲን በ1981 ገበያ ላይ ዋለ።

ግን «ጠንካራው ስለሆነ» ብሎ ከእሱ መጀመር ጥሩ አይደለም። ክላቩላኒክ አሲድ የማይዛቸው ቤታ-ላክታሜዞች አሉ። በ2009 ይፋ የሆነው ኤንዲኤም-1 አንዱ ነው። እሱ ዚንክ ተጠቅሞ ነው ቀለበቱን የሚሰብረው፤ ለመጨረሻ ጊዜ የሚቀመጡትን ካርባፔነም የሚባሉ አንቲባዮቲኮች እንኳ አይምርም።

ከፍኖተ ሰላም፦ እህታችን፣ የላሜ ጡት አብጦ የእንስሳት ሐኪሙ ፔኒሲሊን ወጋልኝ። ላሟ ተሻላት። ወተቱ ግን እንደ ሁልጊዜው ባስቀምጠው አልረጋ አለኝ። ጎረቤቶቼ ዓይን ገብቶበት ነው ይላሉ።

ከመጡልኝ ጥያቄዎች በጣም የወደድኩት ይህን ነው። እታለም፣ ዓይን አይደለም፣ መርፌው ነው።

ወተት የሚረጋው ላክቲክ አሲድ በሚሠሩ ባክቴሪያዎች ነው። ወተቱ ውስጥም፣ በወይራ ታጥኖ እንኳ ዕቃው ግድግዳ ላይም ይቀራሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ፔኒሲሊን አይችሉም። መድኃኒቱ በላሟ ደም አልፎ ወተቷ ውስጥ ገብቷል፤ ወተቱ ውስጥ ያሉትን ደግ ባክቴሪያዎች ገደላቸው ወይም አዳከማቸው። ስለዚህ ወተቱ አልረጋም። ሳያውቁት ቤትዎ ውስጥ የላብራቶሪ ምርመራ ነው የሠሩት። የወተት ፋብሪካዎችም የሚፈትሹት በዚሁ ዘዴ ነው፦ ወተቱን ከባክቴሪያና ከቀለም ጋር ያሞቁታል። ባክቴሪያው ካደገ አሲድ ይሠራል፣ ቀለሙ ይለወጣል። ቀለሙ ካልተለወጠ ወተቱ ውስጥ መድኃኒት አለ።

ማፍላት አይጠቅምም፤ አብዛኛው ፔኒሲሊን መፍላትን ይችላል። እያንዳንዱ የከብት መድኃኒት ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ወተቱ የማይሸጥበትና የማይጠጣበት ቀን አለው። እንደ መድኃኒቱ ይለያያል፣ ዕቃው ላይም ይጻፋል። ሐኪሙን «ስንት ቀን ልጠብቅ?» ብለው ይጠይቁ። ያንን ወተት ለጥጃዋም ባይሰጡ ይሻላል፤ ትንሽ ትንሽ መድኃኒት በየቀኑ የሚጠጣ ጥጃ ሆዱ ውስጥ የለመዱት ባክቴሪያዎች ይበዛሉ።

ወተቱን ለደንበኛ ሸጠው ከሆነም ይንገሯቸው። ፔኒሲሊን ሲነካቸው ሰውነታቸው የሚቆጣ ሰዎች አሉ።

ከደብረ ማርቆስ፣ ተማሪ፦ የመመረቂያ ፕሮጀክቴ አሚሌዝ (ስታርች የሚሰብር ኢንዛይም) የሚያመርት ባሲለስ የሚባል ባክቴሪያ ከአፈር መፈለግ ነው። ከየት ልጀምር? ምንስ ልጠንቀቅ?

ጥሩ ርዕስ ነው፤ ዕቃው አይበዛም፣ ውጤቱ በዓይን ይታያል። ስታርች የሚበዛበት ቦታ ፈልግ፦ የወፍጮ ቤት ደጃፍ፣ የድንች መጋዘን ዙሪያ፣ አተላ የሚደፋበት። አፈሩን በንጹሕ ውሃ በጥብጠህ 80 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ አቆየው። አብዛኛው ባክቴሪያ ይሞታል፤ ስፖር (ሙቀት የሚችል፣ ዘር መሰል ጠንካራ ቅርጽ) የሚሠሩት፣ እነ ባሲለስ፣ ይቀራሉ። ከዚያ ስታርች ባለው አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት የረጋ ምግብ) ላይ ዝራው። በማግስቱ አዮዲን አፍስስበት። አጋሩ በሙሉ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይሆናል፤ ስታርቹ የተበላበት ቦታ ብቻ በቅኝ ግዛቱ (አንድ ላይ ባደገው የባክቴሪያ ክምር) ዙሪያ ነጥቶ ይቀራል። አዮዲን ሳታፈስ በፊት ግን እያንዳንዱን ወደ ሌላ ሳህን ገልብጥ። አዮዲኑ ይገድላቸዋል፤ ውጤቱን አይተህ «የቱ ነበር?» ብትል የሚመልስልህ የለም።

ነጩ ቀለበት ሰፊ ስለሆነ ብቻ «ምርጡ ይህ ነው» አትበል። ቅኝ ግዛቱ ራሱ ትልቅ ሊሆን ይችላል። የቀለበቱን ስፋት ለቅኝ ግዛቱ ስፋት አካፍል፣ ከዚያ በፈሳሽ አሳድገህ የሚወጣውን ስኳር ለካ።

አሁን ጥንቃቄው። አባ ሰንጋ የሚያመጣው ባክቴሪያም ባሲለስ ነው። ስፖሩ አፈር ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ይቆያል፤ 80 ዲግሪ ምንም አያደርገውም። በእኛ አካባቢ በሽታው እንግዳ አይደለም። ከብት በድንገት ከሞተበት ወይም ከተቀበረበት ቦታ አፈር አትውሰድ። ለአማካሪህ የአፈሩን ቦታ ከመውሰድህ በፊት ንገረው።

ደግሞ ሌላ ነገር። ከላይ ያልኩህ ቀለበት መድኃኒት ስትፈትን ሌላ ትርጉም አለው። እዚያ ሳህኑ ላይ ባክቴሪያ ትዘራለህ፣ መድኃኒት ውስጥ የተነከረች ክብ ወረቀት ታስቀምጣለህ። በወረቀቷ ዙሪያ ባዶ ቀለበት ከወጣ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ገድሏል ወይም እንዳያድግ አግዷል፤ ስፋቱን በሚሊሜትር ለክተህ ከሠንጠረዥ ጋር ታስተያያለህ። ባክቴሪያው ወረቀቷ ጫፍ ድረስ ካደገ መድኃኒቱ ከንቱ ነው። ያገኘኸውን ባሲለስ ለፋብሪካ ሥራ ካሰብከው ይህንንም ፈትነው። መድኃኒት የሚቋቋም ዘረመል የተሸከመ ባክቴሪያ ምርጥ አሚሌዝ ቢሰጥህም ለምግብና ለመኖ ሥራ አይመረጥም።

ከባሕር ዳር፦ እናንተ ራሳችሁ ላብራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ ላይ መድኃኒት የሚቋቋም ዘረመል ትከታላችሁ ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። ልደብቀውም አልፈልግም።

አንድን ዘረመል ኢ. ኮላይ ወደሚባል ባክቴሪያ ስናስገባ የሚቀበለው ጥቂቱ ብቻ ነው። የተቀበለውን ካልተቀበለው ለመለየት ከዘረመሉ ጋር የአምፒሲሊን መቋቋሚያ አብረን እናስገባለን። ከዚያ አምፒሲሊን ያለበት አጋር ላይ እንዘራለን፤ የተረፈው የተቀበለው ነው። መቋቋሚያው ደግሞ በአብዛኛው ቴም የሚባለው ቤታ-ላክታሜዝ ነው። ያው በሽተኛ ላይ የሚገኘው ቤተሰብ ማለት ነው።

የምንጠቀምበት ኢ. ኮላይ ለላብራቶሪ የተዳከመ ዘር ነው፤ ሰው ሆድ ውስጥ ኑሮ አይመቸውም። የኔ ሥጋት ባክቴሪያው ሳይሆን ዘረመሉ ነው፣ ምክንያቱም ዘረመሉን የተሸከመው ፕላዝሚድ (ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት) ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ስለዚህ ያገለገለ ሳህንና ፈሳሽ በሙሉ ኦቶክሌቭ (በታመቀ እንፋሎት የሚቀቅል ማሽን) ይገባል፤ 121 ዲግሪ፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ ብዙ ከሆነ ከዚያም በላይ። መብራት መሃል ላይ ከሄደ ሰዓቱ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። «ሊጨርስ ትንሽ ነበር የቀረው» ብሎ መድፋት የለም። ያልተቀቀለ ሳህን ቧንቧ ውስጥ ሲደፋ ያየ ሰው ዝም ማለት የለበትም። በዚህ እኔ ክርክር አልወድም።

ከቡሬ፣ ዶሮ አርቢ፦ የመኖው ከረጢት ላይ «ፋይቴዝ ኢንዛይም» ይላል። አንቲባዮቲክ ነው?

አይደለም። በቆሎና አኩሪ አተር ውስጥ ያለው አብዛኛው ፎስፈረስ ፋይቴት በሚባል ነገር ታስሯል፤ ዶሮ ብቻዋን በደንብ አትፈታውም። ፋይቴዝ ይፈታላታል። በሻጋታ ወይም በባክቴሪያ ይመረታል። አይፍሩት። ከረጢቱ ላይ «ኦክሲቴትራሳይክሊን» የሚል ካዩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ አንቲባዮቲክ ነው። የታመመች ዶሮ ማከም አንድ ነገር ነው፣ ጤነኛዋ ቶሎ እንድትፋፋ በየቀኑ መቀለብ ሌላ። የአውሮፓ ኅብረት አንቲባዮቲክ ለማፋፊያ መስጠትን በ2006 ሙሉ በሙሉ ከልክሏል።

ከደጀን፦ ጠላ ስንጠምቅ ብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይምም ከባክቴሪያ ነው?

የገብሱ የራሱ ነው። ሲበቅል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጥ አሚሌዝ ይሠራል። ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሾው ነው። ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ክር ላይ የተቀባ ስታርች ለማጠብ የሚጠቀሙበት አሚሌዝ ነው ከባሲለስ የሚመጣው።

ከሞጣ፦ የቲቢ ምርመራዬ ላይ «ሪፋምፒሲን የለመደ አይደለም» ተባልኩ። በጥቂት ሰዓት እንዴት አወቁት?

እንኳን ደስ አለዎት። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ነው። የቲቢው ባክቴሪያ ሪፋምፒሲን የሚባለውን የቲቢ መድኃኒት የሚለምደው መድኃኒቱን ሰብሮ አይደለም፤ መድኃኒቱ የሚይዘውን የራሱን ኢንዛይም ቅርጽ ለውጦ ነው። ለውጡ በአብዛኛው አርፒኦቢ የሚባል ዘረመል ላይ አንድ አጭር ቦታ ውስጥ ይገኛል። ማሽኑ ያንን ቦታ ብቻ ያባዛና ያያል።

የማባዛቱ ዘዴ ፒሲአር ነው። ናሙናው ደጋግሞ ከ90 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ ተራ ኢንዛይም አይችለውም። መፍትሔው የተገኘው አሜሪካ ውስጥ የሎውስቶን ፍልውሃ ላይ ነው። ተመራማሪው ቶማስ ብሮክ እዚያ ያገኘው ቴርመስ አኳቲከስ የሚባል ባክቴሪያ ሙቀት የሚችል ኢንዛይም አለው። ብሮክ ፍልውሃ ውስጥ ምን እንደሚኖር ማወቅ ነበር የፈለገው፤ ስለ ቲቢ ምርመራ ያሰበ አልነበረም። ፒሲአርን የፈለሰፈው ኬሪ ሙሊስ በ1993 ኖቤል ተሸልሟል።

መድኃኒትዎን ግን አያቋርጡ። አልለመደም ማለት አይለምድም ማለት አይደለም።

ከዳንግላ፦ በየሦስት ወሩ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ይመላለስብኛል። በየጊዜው መድኃኒት ይቀየርልኛል። ምን ልጠይቅ?

«ካልቸር ይሠራልኝ» ይበሉ። ሽንቱ ሳህን ላይ ይዘራል፣ ያደገው ባክቴሪያ በየመድኃኒቱ ይፈተናል፤ ውጤቱ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይወስዳል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ቤት ያለችውን እንክብል ሁለት ሦስቴ ውጦ ይመጣል፣ ከዚያ ሳህኑ ላይ ምንም አያድግም፣ «ንጹሕ ነው» ተብሎ ይመለሳል። ናሙናውን የመጀመሪያውን እንክብል ሳይውጡ ይስጡ። ወስደው ከሆነም ለላብራቶሪው ሰው ስሙንና የወሰዱበትን ቀን ይንገሩት።