ቡና ላይ የማይጠየቅ ጥያቄ

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከሚኒሶታ ጅማ መጣ። 22 ዓመቱ ነው፤ ተወልዶ ያደገው እዚያው ነው። ጎረቤታችን እትዬ እንኳን ደህና መጣህ ሊሉት ቡና አፍልተው ጠሩን። ልጁ ባለ ሦስት እግሯ በርጩማ ላይ ሲንገዳገድ ቤቱ በሳቅ ሞላ። አቦሉ ተቀዳ። ስኒውን ተቀብሎ ፈገግ አለና «አንቺ ግን ምንድን ነሽ? ኦሮሞ ነሽ ወይስ አማራ?» አላቸው።

«አንቺ» ማለቱን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የውጭ ልጅ ነው፣ አንቱታ ከየት ያመጣል። የቀረውን ግን ሁሉም ሰምቷል። ቆሎ የሚቆረጥመው ሳይቀር አፉን ያዘ። እትዬ ጀበናውን ማቶቱ ላይ መለሱና «ስኳር ልጨምርልህ?» አሉት።

በሦስተኛው ቀን በር ላይ አስቆሙኝ። ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው «ያ ልጅ ምን ፈልጎ ነው? ማን ጠይቅ ብሎት ነው?» አሉኝ። ከእናቴ ጋር 40 ዓመት ቡና የተጠራሩ ሴት ናቸው። አፈርኩ።

ውጭ ለምትኖሩ ወገኖቼ ይህን የምጽፈው ልጁን ለመውቀስ አይደለም። ከእኛ ነው የተማረው። እኔም 19 ዓመት ዋሽንግተን ታክሲ ነድቻለሁ። ሰልፍ ወጥቻለሁ፣ ለማኅበር አዋጥቻለሁ፣ ሌሊት ሌሊት ፌስቡክ ላይ ተሰድቤያለሁ፣ ሰድቤያለሁም። አንድ ቀን የሚዘገንን ፎቶ አገኘሁና «ወገኖቻችንን እዩ!» ብዬ በትኜው ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ፎቶው የሌላ አገር፣ የሌላ ዓመት መሆኑን ሰው ነገረኝ። አጠፋሁት። ከሳምንት በኋላ ወንድሜ ከጅማ ደወለ። ያው ፎቶ አንድ ሱቅ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አይቶ፣ ባለሱቁ በጊዜ ዘግቶ ሄደ። ወንድሜ ላኪው እኔ መሆኔን አላወቀም። እኔም አልነገርኩትም።

እዚያ አሜሪካ ማንነት በቅጽ ይጠየቃል። ሳጥኗ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ወደ ሥራችሁ ነው። እዚህ ግን ያው ጥያቄ ኬላ ላይ ከመኪና ውረድ የተባለ ሰው የሚጠየቀው ነው። ቃሉ አንድ ነው፣ ዋጋው ግን ለየቅል።

የሩዋንዳን ነገር ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ መታወቂያውን ግን ልብ በሉልኝ። ሁቱ፣ ቱትሲ፣ ትዋ የሚሉት ስሞች ከቅኝ ገዢዎቹ ቤልጂጎች በፊትም ነበሩ። ግን ከብት ያፈራ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት መንገድም ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ቤልጂጎች ሁሉንም መዝግበው ካርድ ላይ አሰፈሩት። ከዚያ ወዲያ ልጅ የአባቱን ይወርሳል፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1962 ነጻነት መጣ። ካርዱ ግን አልሄደም፤ አዲሱ መንግሥት ተመችቶት አቆየው። በ1994 በየኬላው «መታወቂያህን አውጣ» ሲባል የብዙ ሰው ሞት የተጻፈው እዚያች ወረቀት ላይ ነበር።

«እኛ ቅኝ አልተገዛንም፣ ምን አገባን?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጅማ ስትመጡ ፈረንጅ አራዳ የሚባለውን የጣልያን ዘመን ሰፈር ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1936 ምሥራቅ አፍሪካን ሲሸነሽን ከግዛቶቹ አንዳንዶቹን በሕዝብ ስም ነው የሰየማቸው። ከእነዚህ የአንዱ ዋና ከተማ ጅማ ነበረች። የግዛቲቱ ስም የሁለት ሕዝቦች ስም ተጣብቆ ነው። አንደኛው ዛሬ ስድብ ስለሆነ አልጽፈውም።

ሁሉን ነገር በጣልያን አሳብቦ ማለፍ ግን አያዛልቅም። አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን ከጦርነት አዳኑ። እ.ኤ.አ. በ1932 ሲሞቱ የጅማ ራስ ገዝነትም አብሮ አከተመ። ይህ ለብዙ ሰው ዛሬም ቁስል ነው፤ «ድሮ ሁላችንም አንድ ነበርን» እያላችሁ አትሸፋፍኑት። በሌላ በኩል የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለልጆቻችሁ ስታሳዩ፣ ሂርማታ ገበያ ላይ ከቡናው ጋር ሰውም ይሸጥ እንደነበር ንገሯቸው። ከከፋና ከዳውሮ በኩል ተነድቶ የመጣው ሰው ልጆች ዛሬ ጎረቤቶቻችን ናቸው። አንዱን ታሪክ ብቻ የሰማ ልጅ ነው ቡና ላይ እንደዚያ የሚጠይቀው።

ታክሲ ተራ ላይ ከቢያፍራ ወገን የሆነ ናይጄሪያዊ ባልደረባ ነበረኝ። ቢያፍራ ከናይጄሪያ ልትገነጠል በተዋጋችበት ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1970 ያለቀው ሕዝብ ሲነሳ ዝም ይላል። ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሰሜን፣ ከማያውቀው ሕዝብ መሃል ያሳለፈውን አንድ የአገልግሎት ዓመት ሲያወራ ፊቱ ይበራል። መንግሥታቸው ይህን ግዳጅ ያመጣው ከጦርነቱ በኋላ በ1973 ነው። አገሪቱን ፈወሳት አልልም፣ ዜናዋን ታያላችሁ። እሱ ግን ሃውሳ ቋንቋ ችሎ፣ እስከ መጨረሻው የሚደውልላት አንዲት ሽማግሌ አከራይ አተረፈ። ታንዛኒያን ምሳሌ የሚያደርጉም አሉ። እውነት ነው፣ ስዋሂሊ አስተሳስሯቸዋል። ግን ስዋሂሊ የትልቅ ብሔር ቋንቋ ስላልነበረ ማንም «ተጫነብኝ» አላለም። የእኛ ነገር በዚያ ልክ አይቀልም።

እና ምን እናድርግ ካላችሁ፣ ብሩ ላይ እጀምራለሁ። ለማን እንደሚሰጥ ሳትጠይቁ አትላኩ። «ለእኛ ሰዎች ብቻ» ከተባለ ኪሳችሁን ዝጉ። የሰፈራችሁ እድር ካለ በእሱ በኩል ይሁን፤ እድር ድንኳን ሲተክል ብሔር አይጠይቅም። አሰቃቂ ዜና ስታዩ ከማጋራታችሁ በፊት እዚያው ከተማ ላለ ሰው ደውሉ። ልጆቻችሁን አማርኛውንም አፋን ኦሮሞውንም አስተምሩ፤ ጅማ ገበያ ላይ ሁለቱንም የቻለ ሰው በደንብ ይከራከራል። እዚህ ስትመጡ ደግሞ ሰው ራሱ እስኪነግራችሁ ጠብቁ። ቶናው ላይ ካልሆነ በረካው ላይ ይነግራችኋል።

የእህቴን ልጅ እቤት ቁጭ አድርጌ ይህንን ሁሉ አወራሁት። መጀመሪያ «ኩሪየስ ሆኜ ነው እኮ» አለ። በኋላ ዝም አለ። ሊሄድ ሲል እትዬ ቤት ብቻውን ገባ። በመስኮት እያየሁ ነበር። እሳቸው የተፈጨ ቡና በላስቲክ ቋጥረው ሰጡት፤ እሱም በሁለት እጁ ተቀብሎ «እርስዎ በጣም ጥሩ ሰው ነሽ» አላቸው።

ሳቁ። ስለ ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አንስተውልኝ አያውቁም።