የሚዋኝ ዓሣ እንዴት ይቆጠራል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች! ሃዋይ አካባቢ ተመራማሪዎች የኮራል ሪፍ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሩት ዐለት መሰል ክምር) ዓሦችን ለመቁጠር በመርከብ እንደሚወጡ ሰማሁ። ዓሣ አንድ ቦታ አይቆምም፣ ታዲያ እንዴት ነው የሚቆጥሩት? ዝግጅቱስ ይከብዳል?
አንባቢያችሁ ከሐዋሳ

መልስ፦ ሰላም ወዳጃችን! ሁሉንም ዓሣ ማንም አይቆጥርም፤ ናሙና ነው የሚወሰደው። የአሜሪካው የውቅያኖስና ከባቢ አየር አስተዳደር፣ ኖኣ የሚባለው፣ እስከ 30 ሜትር ጥልቀት ድረስ ያለውን ሪፍ እንደ ጥልቀቱ ይከፋፍልና መጥለቂያ ነጥቦቹን በዕጣ ያወጣል። ጠላቂው ዓሣ የሞላበትን ቦታ እየመረጠ ቢገባማ ውጤቱ ውሸት ይሆን ነበር። ታች ሁለት ጠላቂዎች ጎን ለጎን ሆነው እያንዳንዳቸው 15 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይይዛሉ። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ያዩትን ዝርያ ብቻ ይመዘግባሉ፣ ከዚያ ነው ዝርያ በዝርያ እየቆጠሩ ርዝመቱን የሚገምቱት፤ ከርዝመቱ ደግሞ ክብደቱ ይሰላል። (ውሃ ውስጥ ነገር ሁሉ ተልቆ ስለሚታይ ግምቱን አስቀድሞ መለማመድ ግድ ነው።)

ዝግጅቱ ግን አዎ፣ ይከብዳል። ራስ ምታቱ ዓሣው ሳይሆን መርከቡ ነው። የመርከብ ቀን ውድ ነው። ትልቁ መርከብ ሪፉን ስለማይጠጋ ትናንሽ ጀልባዎች ያስፈልጋሉ፣ ማዕበል ከበረታ ደግሞ የዕለቱ ነጥብ ስለሚሰረዝ ተለዋጭ ነጥቦች ይያዛሉ። ጠላቂ ቶሎ ወደ ላይ ከወጣ ሰውነቱ ውስጥ የናይትሮጅን አረፋ ሊፈጠር ይችላል፤ ሰው በሌለበት ሩቅ ደሴት ሆስፒታል የለምና ኦክስጅንና የሕክምና ዕቅድ ሳይዙ መነሳት እብደት ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።