«ሳንቲሙን ማስቲሽ ይገዛበታል» እየተባለ ልመጽውት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቅዳሴ ስሄድ በቤተ ክርስቲያናችን አጥር ሥር ላስቲክ ወጥረው ለሚያድሩ ወገኖች አሥር አሥር ብር እሰጣለሁ። ጓደኞቼ «ማስቲሽ ነው የሚስቡበት፤ ኃጢአቱ ለአንቺ ነው» ይሉኛል። የጽዋ ማኅበራችንም አንድ ነገር እናድርግ ብሏል። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ እኅቴ። መጀመሪያ ከጸጸቱ ልገላግልሽ። ጌታ በማቴዎስ 25 «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» ሲል የእንግዳውን ጠባይ መርምራችሁ አላለም። ሳታውቂ የሰጠሽው ብር ማስቲሽ ቢሆን በአንቺ አይቆጠርም። ካወቅሽ ግን ብሩን ትተሽ ሽሮ ግዢለትና አጠገቡ ቁጭ በይ። ሲበላ ወሬ ይመጣል። ከየት እንደመጣ፣ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር የምትሰሚው ያኔ ነው።

የማኅበራችሁ ነገር ግን ይበልጥ ደስ አሰኝቶኛል። በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ መፃጉዕን እናስባለን። 38 ዓመት ታሞ ተኝቷል። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው አዎ እንኳ አላለም፤ «ሰው የለኝም» ነው ያለው። ጎዳና ላይ ያለውንም ሰው ስሙት። ሥራ ሲጠይቅ «ተያዥ አለህ?» ይባላል። ቤት ሊከራይ ሲል መታወቂያ ይጠየቃል። መታወቂያ ሊያወጣ ወረዳ ሲሄድ ደግሞ «ከነበርክበት መሸኛ አምጣ» ይሉታል። የነበረበት ወሎ ወይም ወላይታ ነው፤ መሳፈሪያ ከየት ያመጣል? በየበዓሉ የምናድለው ዳቦና አሮጌ ልብስ ይህን ቋጠሮ አይፈታውም።

ማኅበር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ከአሳዳሪው ከፊልሞና ለኮበለለው ባሪያ ለአናሲሞስ ምን አደረገለት? ለፊልሞና ደብዳቤ ጻፈና ዕዳ ቢኖርበት «ይህን በእኔ ላይ ቍጠር» አለ። በእጁ ፈረመ። ሐዋርያው ተያዥ ሆነ ማለት ነው!

«መጽሐፈ ምሳሌ ዋስ አትሁን ይላል እኮ» የሚል አባል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ምዕራፍ 6 ሳያስብ ቃል የገባን ሰው ያስጠነቅቃል። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን አይግባበት። ኪሳራ ቢመጣ ማኅበሩ እስከ ስንት ብር እንደሚሸፍን አስቀድማችሁ ተስማሙና በመዝገብ ያዙት።

አጥሩ ሥር ያሉትን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንርዳ አትበሉ፤ በሁለት ወር ትበተናላችሁ። አንድ ወይም ሁለት ሰው ያዙ። ዘመድ ካለው በስልክ አፈላልጉ። ልመለስ ካለ አንድ አባል አብሮት ይሳፈር፤ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቶ መመለስ አይበቃም። እዚሁ ልሥራ ካለ የመጀመሪያዎቹን ወራት ኪራይ ቻሉለት፤ ብሩን ለአከራይዋ ስጡ።

የአእምሮ ሕመም ያለበት ከሆነ ጸበል ብቻ ብላችሁ አትዘግዩ። ሕክምናም ከእግዚአብሔር ነው፤ አማኑኤል ሆስፒታል ውሰዱት። ጸበሉን ሲጠመቅም ክኒኑን አያቋርጥ። ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን እንደ መቄዶንያ ያሉ ማእከላት ይቀበላሉ፤ ቦታ መኖሩን ግን ሰውየውን ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ።

ድግሱን ተዉ አልልም፤ ጽዋው ይቀጥል። ሁለት ዓይነት ወጥ ይበቃል። ከተረፈው ላይ ለመታወቂያው ጉዳይ ወረዳ ለሚመላለሰው አባል የታክሲ መድቡለት፤ በአንድ ቀን እንደማያልቅ ታውቁታላችሁ።