የድርሰት ማስተርስ ለምትመኙ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

በቴአትርና በፊልም ድርሰት ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ወይስ ይቅርብኝ እያላችሁ የምትጠይቁኝ እየበዛችሁ መጥታችኋል። ከመካከላችሁ ከቴአትር ጥበባት ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ አለ፤ ለቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ክፍል በክፍል እየጻፈ የሚተዳደር አለ፤ ሒሳብ አያያዝ ተምሮ ቀን ቢሮ እየዋለ ሌሊት የሚጽፍም አለ። መልሴ ለሁላችሁም አንድ ነው፦ ከቻላችሁ ተማሩ። ነገር ግን ምን ፍለጋ እንደምትሄዱ አስቀድማችሁ እወቁ፤ አለዚያ ዓመቱም ገንዘቡም በከንቱ ያልፋል።

ታሪክ የሚሰጣችሁ ትምህርት ቤት የለም። ታሪኩ ከሰፈራችሁ፣ ከቤታችሁ፣ በዓይናችሁ ካያችሁት ግፍና ደግነት ይመጣል። ጥሩ ትምህርት ቤት የሚሰጣችሁ፣ የጻፋችሁትን አፍርሳችሁ እንደገና የምትጽፉበት ጊዜና ይህን እንድታደርጉ የሚያስገድዳችሁ አንባቢ ነው። በአገራችን ክፉኛ የጎደለን ይኸው ነው። ለመድረክ የሚቀርቡ ድርሰቶችን ስገመግም ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ከሚመጡት አብዛኞቹ የመጀመሪያ ረቂቅ ናቸው። ሐሳባቸው ጥሩ ነው፣ አጀማመራቸው ይስባል። መሐል ላይ ሲደርሱ ግን ጸሐፊው መውጫው ይጠፋውና ገጸ ባሕርያቱ መስበክ ይጀምራሉ። ችሎታ አንሶት አይመስለኝም። ገምጋሚ የሰጠውን አስተያየት እንደ ስድብ ቆጥሮት፣ ወይም ለዕለት ጉርሱ ሲሯሯጥ ጊዜ አጥቶ መልሶ አልጻፈውም። በቴሌቪዥኑ በኩል ደግሞ ይብሳል፤ ቀረጻው ለነገ ተቀጥሮ ጽሑፉ ዛሬ ማታ ይደርሳል፣ ተዋናዩም መንገድ ላይ ያጠናዋል።

በጥሩ የማስተርስ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ጥቂት ተማሪዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። የአንዳቸው ትዕይንት ቀደም ብሎ ለሁሉም ደርሷል። ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፍለው ጮክ ብለው ያነቡታል፤ ጸሐፊው ዝም ብሎ ያዳምጣል። «እዚህ ጋ ነገሩ ጠፋኝ»፣ «እናትየው ይህን ለምን አሁን ትናገራለች?»፣ «ይህ ሰው ከዚህ ቤት ምን ፈልጎ ነው የመጣው?» ይባላል። ጸሐፊው «እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» ብሎ እንዲከራከር ብዙ ቦታ አይፈቀድለትም፤ ተመልካች ፊት ቆሞ ማብራሪያ መስጠት እንደማይችል ይወቀው ተብሎ ነው። ከዚያ ያው ትዕይንት ተለውጦ ይመለሳል። እንደገና ይነበባል፣ እንደገና ይፈርሳል። መጀመሪያ ላይ ያማል። እየቆየ ግን የራሳችሁን ጽሑፍ በሌላ ሰው ጆሮ መስማት ትለምዳላችሁ፤ ይህን የለመደ ጸሐፊ ዕድሜ ልኩን ይጠቀምበታል።

በምሳሌ ላሳያችሁ። አንዲት ልጅ ቤይሩት በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች እንበል። ቤት ይሠራበት ብላ የላከችው ገንዘብ ለሌላ ነገር ውሏል። በመጀመሪያው ረቂቅ ልጅቱ ገና በሩን እንዳለፈች «ገንዘቤን የት አደረሳችሁት?» ብላ ትጮኻለች፤ እናት ታለቅሳለች፤ ታሪኩ በሦስተኛው ገጽ አለቀ። በሦስተኛው ረቂቅ፣ ለመድረክ ከሆነ፣ አንድ ክፍልና አንድ ምሽት ይበቃችኋል። ቡና ተፈልቷል። ልጅቱ የጎረቤቱን አዲስ ቆርቆሮ ታነሳለች፤ እናት ወሬውን ወደ ልጅቱ ታናሽ ወንድም ሠርግ ታዞራለች፤ ልጅቱ ሠርጉ ስንት ሰው እንደተጠራበት ትጠይቃለች። ገንዘብ የሚለው ቃል ከማንም አፍ አልወጣም፣ ተመልካቹ ግን ከአቦል እስከ በረካ እሱን ብቻ ነው የሚሰማው። ያንኑ ታሪክ ለፊልም ስትጽፉት አብዛኛው ንግግር ይወድቃል። ልጅቱ ከታክሲ ወርዳ ሻንጣዋን ይዛ ትቆማለች፤ ፊት ለፊቷ ሣር የበቀለበት ባዶ መሠረት አለ፤ ከኋላዋ እናቷ እየሮጡ መጥተው ያቅፏታል። ልጅቱ ዓይኗን ከመሠረቱ አልነቀለችም። በመድረክ አንድ ምሽት የፈጀው እዚህ በአንድ ትዕይንት ተነገረ፤ እንግዲህ ፊልሙ ከዚህ በኋላ ወዴት ይሄዳል? ሁለቱን ጥበብ ጎን ለጎን የሚያስተምሩ ፕሮግራሞችን የምወዳቸው ይህን ጥያቄ ስለሚያስነሱ ነው። የእኛ ፊልሞች አብዛኛው ችግር የመድረክን ምልልስ እንዳለ ካሜራ ፊት ማቆማቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ከእናንተ በፊት ይህን መንገድ የሄዱ አሉ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሕግ ሊማር ቺካጎ ሄዶ፣ ከዚያ ለንደን በሮያል ኮርት፣ ፓሪስ በኮሜዲ ፍራንሴዝ ቴአትር ቤቶች የቴአትርን ሥራ በቅርብ አጥንቶ ተመለሰ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሲቋቋምም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። መንግሥቱ ለማም ከለንደን ትምህርቱ በኋላ አገሩ ገብቶ ኮሜዲዎቹን ጻፈ፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲም ድርሰት አስተማረ። ተስፋዬ ገሠሠ በአሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ተምሮ ሲመጣ ዕውቀቱን በጸሐፊነትም፣ በአዘጋጅነትም፣ በትወናም መድረክ ላይ አዋለው። አገር ውስጥ መማርን እንደ ሁለተኛ ምርጫ የምታዩ ካላችሁ ይህን አስቡ፤ ስድስት ኪሎ ያለው ትምህርት የተተከለው በእነዚህ ሰዎች ነው፣ ተመልካቻችሁም እዚሁ ነው።

የፊልም ሠሪውን ኃይሌ ገሪማን ለብቻው የማነሳው በቋንቋ ጉዳይ ነው። በቺካጎ ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ጀምሮ ሎስ አንጀለስ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲኤልኤ) ፊልም ተማረ፤ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ለረጅም ዓመታት አስተማረ። «ጤዛ» የተሰኘው ፊልሙ በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተሸለመው አንዱ ሽልማት የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት ነበር። የፊልሙ ገጸ ባሕርያት በአብዛኛው የሚናገሩት አማርኛ ነው። ስለዚህ ውጭ ስትማሩ የክፍል ሥራችሁን በእንግሊዝኛ ብትሠሩም አማርኛችሁን አትተዉት። በየሳምንቱ ጥቂት ገጽ ጻፉ። ሰው አፍ ውስጥ ያለ አማርኛ፣ የመርካቶው፣ የጎንደሩ፣ የዋሽንግተኑ አበሻ ልጅ አማርኛ፣ ካልሰማችሁት ቶሎ ይደርቃል።

ለማመልከቻ የሚጠየቀው የጽሑፍ ናሙናም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ብዙዎቻችሁ በግጥም የተዋበውን፣ ሰምና ወርቅ የሞላበትን ክፍል መርጣችሁ ትተረጉማላችሁ፤ ወርቁ መንገድ ላይ ይቀራል። ሰዎች አንዳች ነገር የሚያደርጉበትን፣ የሚፈላለጉበትን፣ የሚደባበቁበትን ትዕይንት ምረጡ፤ ቢቻል በእንግሊዝኛው እንደ አዲስ ጻፉት። ኢትዮጵያን ለመምህራኑ ለማስረዳት ብላችሁ ገጸ ባሕርይ አፍ ውስጥ የታሪክ ትምህርት አታስገቡ። የገጽ መጠኑም አያሳስታችሁ፦ የፊልም ጽሑፍ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው የሚባለው ኩሪየር በተባለው ፊደል በ12 መጠን ለሚተየብ እንግሊዝኛ ነው። ለአማርኛው ሰዓት ይዛችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ። የብሪታንያ ማስተርስ በአብዛኛው አንድ ዓመት ነው፤ ኤምኤፍኤ የሚባለው የአሜሪካው የጥበባት ማስተርስ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይፈጃል። የብሪታንያ መንግሥት የቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ስትጨርሱም ለሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስን ግዴታ ያደርጋል። የሚከፍለው ለአንድ ዓመት ትምህርት ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ዓመት የሚወስደውን የቢከንስፊልዱን ብሔራዊ የፊልምና ቴሌቪዥን ትምህርት ቤት የመሰለ ፕሮግራም ይዛችሁ አታመልክቱበት። ለአሜሪካ ፉልብራይት የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ አለ። የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ የድራማ ትምህርት ቤት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ ውድድሩ ግን እጅግ ከባድ ነው። ቤተሰብ ንብረት ሸጦ ወይም ተበድሮ ለድርሰት ማስተርስ እንዲከፍልላችሁ አልመክርም። ሥራው ያን ዕዳ የሚመልስ ገቢ በቶሎ አያመጣም፣ ዕዳ ያለበት ጸሐፊም መልሶ ለመጻፍ ዕረፍት አያገኝም።

ዘንድሮ ያልተሳካላችሁ ክፍሉን ራሳችሁ መሥርቱት። አራት አምስት ጸሐፊ፣ ሁለት ተዋናይ፣ በአስራ አምስት ቀን አንዴ የሚገኝ ክፍል ይበቃል። ሕጉን ግን አጥብቁ፤ ጸሐፊው ዝም ይበል፣ አንባቢዎቹም ማሞገስ ትተው ያልገባቸውን ይናገሩ፣ ያልተለወጠ ረቂቅ ሁለተኛ አይነበብ። በዚህ ዓይነት አንድ ሙሉ ድርሰት እስከ መጨረሻው ካደረሳችሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት የምታስገቡት ናሙና ሌላ ይሆናል።

የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍላችሁ የምትፈልጉም አትፈሩ፣ ጠይቁኝ። ስትጠይቁኝ ግን የድርሰቱን የመጀመሪያ ረቂቅና አሁን የደረሰበትን፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ላኩልኝ። የምጽፈው በመካከላቸው ያለውን ለውጥ አንብቤ ነው።